በነቀዝ የለወጥኳት ቢራቢሮ

ይህን የምጽፈው ዳላስን ለማያዩ ሰዎች ነው። የሚሄዱትማ ራሳቸው አይተው ይፍረዱ። እኔም ከተማዋን ጠግቤ አየኋት ብዬ አልዋሽም፤ ያየሁት የዘመዶቼን ቤት፣ ከመኪና መስኮት ውጭ የሚሮጥ መንገድና ነቀዝ ነው። ነቀዝ ለማየት አሜሪካ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል ወይ የሚለኝ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ላስረዳ። ሥራዬ አዲስ አበባ ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የደረቁ ነፍሳት የተሰኩባቸውን መሳቢያዎች መጠበቅ ነው፤ ቢራቢሮ፣ ጢንዚዛ፣ ፌንጣ፣ ተርብ። ክፍሉን ያቋቋሙት መምህሬ ጋሽ ይርጋ ናቸው። ከመሳቢያዎቹ በአንዱ ውስጥ በወጣትነታቸው ከቦንጋ ማዶ ካለ ጫካ የያዙት ወንድ ቢራቢሮ አለ፤ ቢጫ ነው፣ ዳር ዳሩ ጥቁር፣ ከኋላ ክንፎቹ ሁለት ቀጫጭን ጭራ የወረደለት። ከጎኑ ባዶ መርፌ ተሰክቷል። «ይህ የሴቷ ቦታ ነው» ይሉ ነበር። በየዕረፍቱ መረባቸውን ይዘው ጫካ ይገባሉ። ወንዱን ደጋግመው አገኙ፤ ሴቷን ግን አንድም ቀን ሳያገኙ ጡረታ ወጡ። ጫካው እየተመነጠረ ሲሄድ «ጠፋች፤ ሳናያት ጠፋች» ማለት ጀመሩ። ከዚያ ደግሞ የዓይን ግፊት መጣ። የቀኝ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፋ፤ ግራውም ብዙ እንደማይቆይ ሐኪሞቹ ነገሯቸው።

እንዲህ እያለ ነው ከቴክሳስ ደብዳቤ የመጣው። ጋሽ ይርጋ ነፍሳት ሰብሳቢዎች በሚያነቧት አንዲት ትንሽ መጽሔት ላይ «ሴቷ ያለችው ካለ» የሚል ማስታወቂያ በየዓመቱ ያወጡ ነበር። የመለሱላቸው ሚስተር ዊልኪ የሚባሉ ፎርት ዎርዝ አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቅድመ አያታቸው ባለ ወፍጮ ቤት ነበሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ነፍሳት እየሰበሰቡ ባሕር ማዶ ካሉ ሊቃውንት ጋር በፖስታ ይለዋወጡ ነበር። ሴቷም በዚያ መንገድ ከመቶ ዓመት በፊት እጃቸው ገባች። «አልሸጣትም» ይላል ደብዳቤው፤ «በቤታችን ልማድ እለውጣታለሁ። ከአገራችሁ የሆነ ማንኛውም ዓይነት ነፍሳት ይሁን፤ የተያዘበት ቦታና የያዘው ሰው ብቻ ይታወቅ። በፖስታ ግን አልልካትም፣ ሰው ይምጣ።»

ስለዚህ ልማድ ጥቂት ልበል። በዚያ ዘመን የነበሩት ሰብሳቢዎች አብዛኞቹ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። አንዱ ጀርመን ተቀምጧል፣ አንዱ ቴክሳስ፣ ሌላው በበቅሎ የእኛን አገር ይዞራል። የተረፈህን ትሰጣለህ፣ የጎደለህን ትጠይቃለህ። ከእያንዳንዱ መርፌ ሥር ጥፍር የምታክል ወረቀት ትሰካለች፤ ቦታውና የያዘው ሰው ስም እሷ ላይ ይጻፋል። ያለዚያች ወረቀት፣ ዓለም ላይ አንድ ብቻ የቀረ ነፍሳት ቢሆን እንኳ ዋጋ የለውም። ባዶ እጅን ዘርግቶ መጠየቅም ነውር ነው። እኛ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን መመለስ እንደምናፍረው ማለት ነው።

ትኬቱን ጋርላንድ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ አልማዝ ላከችልኝ። «እትዬ ዘነበች፣ ሞቼ ካልቀበርሽኝ አትመጪም ማለት ነው?» ስትለኝ ዓመታት አልፈው ነበር። ስለዚህ ለአንድ መንገድ ሁለት ምክንያት አገኘሁ። ዘመኑ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው፤ ወሩ ግንቦት።

ረቡዕ ማታ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ሻንጣዬን አስረከብኩና የእንጨት ሳጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ውስጡ ከየጫካው የለቀምናቸው ጢንዚዛዎችና ቢራቢሮዎች አሉ፤ ብል እንዳይበላቸው አራት ማዕዘኑ ላይ ናፍታሊን አስሬበታለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሳጥኑን ዓይቶ ዓይቶ፣ «ድፎ ነው?» አለኝ።

«ጢንዚዛ ነው» አልኩት። ፍራንክፈርት እስክንደርስ ድረስ ድጋሚ አላናገረኝም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳላስ ስንወርድ የፈራሁት ፈታሾቹን ነበር። ፈቃዴን እያገላበጡ ካነበቡ በኋላ ሳጥኑን ክፈቺ አሉኝ። ከፈትኩ። አንደኛው ሰው ሌላውን ጠራ፣ ሌላው ሦስተኛውን፤ ሦስቱም ጎንበስ ብለው ትልቁን ባለ ቀንድ ጢንዚዛ አደነቁ። አንዱማ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ነው ያየው፣ ትንፋሹ እንኳ እንዳይነካው። ራሳቸው ቀስ አድርገው ዘጉልኝ። ቦሌ ላይ ስወጣ «ይህን ቆሻሻ የት ነው የምትወስጅው?» ያለኝ ልጅ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ያ ሁሉ ጭንቀቴ እዚያው ቀረ።

የአልማዝ ባል ተፈራ ሊቀበለኝ መጥቷል። ታክሲ ነው የሚነዳው። «እንኳን ደህና መጡ እትዬ» ብሎ ተሳለመኝ፤ «መኪናዋን ራቅ አድርጌ ነው ፓርክ ያደረግኳት፣ ሶ ትንሽ እንራመዳለን፤ ኦኬ?» የመኪና ማቆሚያው ጃንሜዳን ያስንቃል። ሙቀቱ ሲመታኝ አዋሽን አስታወሰኝ፤ መኪናው ውስጥ ስንገባ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ። እዚያ አገር ሰው ቀኑን ሙሉ ከአዋሽ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዋሽ ሲመላለስ ነው የሚውለው።

ቤታቸው ምድር ላይ ያለ አፓርትመንት ነው፤ ከሳሎኑ የመስታወት በር ወጣ ሲሉ በሲሚንቶ የተለሰነች ጠባብ በረንዳ፣ ከሷ ቀጥሎ ሣር። አልማዝ አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ሳጥኑን አሸተተችና «እትዬ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። ነገርኳት፤ ለምን እንዳመጣሁትም፣ ስለ ጋሽ ይርጋም፣ ሁሉንም አጫወትኳት። እሑድ ሚስተር ዊልኪ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ዓርብ ስነቃ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ሳጥኔ ካስቀመጥኩበት የለም። አልማዝ ወጥ ቤት ሆና «ነቃሽ? ሥራሽን ሠርቼ ጨረስኩልሽ!» አለችኝ፣ በደስታ። «ያን መርዝ ከውስጡ አውጥቼ ጣልኩት፤ ሰው የሚተኛበት ቤት ነው እኮ። ብል የሚጠፋው በፀሐይ ነው። ከጧት ጀምሮ በረንዳ ላይ አስጥቼልሻለሁ።»

እህል ይሰጣል፣ በርበሬ ይሰጣል፣ ብርድ ልብስ ይሰጣል። እኛ አገር ፀሐይ ያልነካው ነገር መች ይታመናል? ልጅቷ በተማረችው ነው ያደረገችው። ሮጬ በሩን ከፈትኩት። ከሣሩ ተነሥቶ ሲሚንቶውን አቋርጦ ሳጥኔ ውስጥ የሚገባ ቀይ የጉንዳን መስመር አየሁ፤ በሌላው በኩል ደግሞ አንድ መስመር ይወጣል። የሚወጣው መስመር ክንፍ ተሸክሟል። የቢራቢሮዎቼ ክንፎች እንደ ጀልባ ሸራ እየተንገዋለሉ ወደ ሣሩ ይሄዱ ነበር። ወሽመጤ ተቆረጠ።

ሳጥኑን ላነሣ ስል ጉንዳኖቹ እጄ ላይ ወጡ። የነደፉኝን ነገር አልነግራችሁም፤ የእኛ ጉንዳን ከነሱ ጋር ሲነጻጸር ይስማል ማለት ይቻላል። ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ተፈራ «ፋየር አንት ነው! አይንኩት እትዬ፣ አይንኩት!» እያለ በውኃ አጠበኝ። ከሳጥኑ የተረፉት መርፌዎቹ፣ ወረቀቶቹና ጥቂት ባዶ የጢንዚዛ ቅርፊቶች ብቻ ነበሩ።

አልማዝ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ምነው እጄን በቆረጠው!» ትላለች። እኔም አልቅሻለሁ፤ ለሷ አይደለም ያለቀስኩት፣ እውነቱን ልናገር፣ ለጋሽ ይርጋ ነው። ለአንድ ዓይናቸው የምወስደው ነገር ሣር ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ተፈራ «ሶ፣ ማለቴ፣ ሰውዬውን ኮል አድርገን በገንዘብ ብንጠይቀውስ?» አለ። «አልሸጥም ብለዋል» አልኩት። ባዶ እጄን ሄጄ መለመኑ ደግሞ በመምህሬ ስም ማፈር ነው። ያን ቀን እራቴን የበላሁት አልማዝ ይበልጥ እንዳታዝን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጧት ቁርስ ላይ ተቀምጠን፣ አልማዝ ባቄላ ልትቀቅል ፌስታሉን ገበታው ላይ ፈታች። አንዲት ነገር ከፍሬዎቹ መካከል ወጥታ በነጩ የገበታ ልብስ ላይ መራመድ ጀመረች። አልማዝ ቶሎ ብላ መዳፏን ከደነችባትና ሌላ ወሬ ጀመረች። እንግዳ ፊት ነቀዝ! ዓይኔን ከመዳፏ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

«አንሺው» አልኳት።

«ምኑን?»

«እጅሽን አንሺው፤ እንዳትጨፈልቂያት!»

በኀፍረት ቀላች። «እትዬ ሙች፣ የኔ አይደለም፤ እማማ አስካለ ናቸው የሰጡኝ» አለች። እኔ ግን ነቀዟን በብርጭቆ ከደንኳት። ማንኛውም ዓይነት ነፍሳት ብለው የለ? ቦታው ይታወቅ ብለው የለ? «ባቄላው ከየት ነው የመጣው?» ስላት «ከእነዋሪ፣ ከገዛ ወንድማቸው አውድማ» አለችኝ። በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ አድራሻ ያላት ነቀዝ ያለች አልመሰለኝም። ግን አንዲት ናት፣ እሷም አንድ እግሯ ተሰብሯል። ተጨማሪ ለማግኘት ወደ ምንጩ መሄድ ነበረብን።

እማማ አስካለ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ሌክ ሃይላንድስ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ቤታቸው ስንገባ ተነሥተው ሳሙን። አልማዝ መንገድ ላይ «እኔ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ» ብላኝ ነበር፤ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔ ገና ሳልቀመጥ «እማማ፣ ነቀዝ ካለዎት ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

እማማ አስካለ ሊያስቀምጡኝ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«ምን አልሽኝ?»

«ማለቴ፣ ከእነዋሪ የመጣው ባቄላ…»

«እኔ አስካለ! አበጥሬ፣ ለቅሜ፣ ፀሐይ አስመትቼ ያመጣሁትን እህል!» እሳት ለበሱ። «አልማዝ፣ ይህችን ሴትዮ ልታሰድቢኝ ነው ያመጣሽብኝ? እኔ ቤት ነቀዝ የለም፤ ኖሮም አያውቅም!»

አልማዝ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ጉንዳኑ፣ ስለ ፈረንጁ ልታስረዳ ብትሞክር ነገሩ ይበልጥ ተጠላለፈ። እሳቸው የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነቀዛቸው ለፈረንጅ ሊታይ ነው። ተቆጥተውም ግን ሳንበላ አላስወጡንም። ፍርፍር አቀረቡልን፤ እንድንጎርስ በዓይናቸው እያዘዙ፣ በአፋቸው ግን አንድ ቃል ሳያወጡ። እንደዚያ ያለ ኩርፊያና እንደዚያ ያለ ፍርፍር በአንድ ገበታ ቀርቦልኝ አያውቅም። ስንወጣ በሩ ላይ አልማዝ ወደኋላ ቀርታ አንድ ነገር ስትነግራቸው አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ተፈራ ከሥራው ላይ ኮል አደረገ። «እማማ አስካለ ናና ውሰደኝ ብለውኝ አብረውኝ ናቸው። ምን እንደያዙ ግን አያሳዩኝም» አለ። ሲደርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከሥሩ አንድ የማር ብልቃጥ አቅፈዋል። ጎረቤት እንዳያይ መጋረጃውን ራሳቸው ሳቡ። ብልቃጡን ገበታው ላይ አስቀመጡት። ግማሹ ባቄላ፣ ግማሹ የሚርመሰመስ ነቀዝ።

«ከጆንያው ሥር ነው» አሉ፣ ወደ ሌላ እያዩ። ከዚያ ዞረው ተቆጡኝ። «ዓይኑ ሊጠፋ ለደረሰ መምህር ነው አትይም ነበር? ቀድሞ የሚነገረው እሱ አይደለም? ነቀዝ አለሽ ወይ ተብሎ ነገር ይጀመራል?»

ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ብልቃጡን ሥጋው አጠገብ በረዶ ቤት ውስጥ ከተትነው፤ አልማዝ ዓይኗን ጨፍና ዘጋችው። በብርዱ ሞተው ሲደርቁ በትናንሽ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ጫፍ ላይ አጣበቅናቸው። ሙጫ አልነበረንም፤ የአልማዝን ቀለም የሌለው ኩቴክስ ተጠቀምን። ማጣበቁን እሷ ናት የሠራችው፣ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ። አዛውንቶችን የምትንከባከብ ሴት ናት፤ እጇ ለደካማ ነገር የተፈጠረ ነው። የተረፈው ሳጥኔ ውስጥ በሰልፍ ስንሰካቸው ቁመናቸው ያምር ነበር።

ወረቀቶቹን በእንግሊዝኛ ስጽፍ ግን «የያዘው ሰው» የሚለው ላይ ቆምኩ። «እማማ፣ እዚህ ላይ የእርስዎ ስም ነው የሚገባው።»

«እንዴ! የኔ ስም ከነቀዝ ጋር?»

«ያለሱ አይሆንም። ልማዱ ነው።»

«የአልማዝን ጻፊ፤ እሷ ወጣት ናት፣ ትችለዋለች።» ሳጥኑን አዩት። «ስንት ጊዜ ይቀመጣል ይሄ?»

«ብልና ጉንዳን ካልነካው፣ እኛ ሁላችን ካለፍን በኋላም ይኖራል።»

«ስሜም አብሮ?»

«አብሮ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው አስካለ ብቻ ብለሽ እንዳትጽፊ። ከነአባቴ ከነአያቴ አሟይው። እነዋሪንም አጉልተሽ ጻፊው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉዞ ጀመርን። ነቀዜ የት እንደምትገባ ሳላይ አልቀርም ብለው እማማ አስካለም አብረውን ናቸው። ከጋርላንድ ፎርት ዎርዝ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ሰው ግን አንድም አይታይበትም፣ መኪና ብቻ። እኛ አገር መንገድ ላይ ሰው፣ አህያ፣ ሙሽራ፣ አስከሬንም ይሄዳል። ወሬ ይዘን ተፈራ መውጫውን አለፈው።

«ተመለሳ እንግዲህ!» አሉ እማማ አስካለ።

«እማማ፣ እዚህ ዝም ተብሎ አይመለስም። ቀጣዩ ኤግዚት ድረስ መሄድ አለብን።»

«በአንድ ጊዜ ስህተት ይህን ያህል ያስኬዳሉ?» አሉና ለዚያ አገር ሕዝብ ከልባቸው አዘኑ።

የሚስተር ዊልኪ ቤት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ የእንጨት ቤት ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ በሩ ላይ ጠበቁን፤ እማማ አስካለን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በረዶ የተጨመረበት ጣፋጭ ሻይና ትኩስ የበቆሎ ዳቦ አቀረቡልን። እማማ ሻዩን ቀምሰው «ሰውዬው እሳት ጠፍቶበት ነው?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። ዳቦውን ግን ወደዱት። ሁለተኛ ሲቆርሱላቸውም እምቢ አላሉም።

እኔ ግን ወደ ሚስተር ዊልኪ ዞርኩ። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ፀሐዩንም፣ ጉንዳኑንም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም በነዚያው ጉንዳኖች መሳቢያ ሙሉ አጥተዋል። «ስለዚህ ያመጣሁልዎት ይህን ብቻ ነው» ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው አጎነበሱ። አንዱን አዩ፣ ወረቀቱን አነበቡ፤ ሌላውን አዩ፣ አነበቡ። አልማዝ እጄን ጨብጣ ይዛለች።

«አስካለ ማናቸው?» አሉ በመጨረሻ።

ጠቆምኳቸው። ሽማግሌው ተነሥተው ሄዱና የእማማን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ነገሩን እየተረጎመ ለሁላችን ያሰማን ተፈራ ነው። ቅድመ አያታቸው መለዋወጥ ሲጀምሩ ምንም የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም። የነበራቸው የገዛ ወፍጮ ቤታቸው ነቀዝ ብቻ ነው። ባለ ወፍጮ ደግሞ ነቀዝ አለብኝ ብሎ አይናገርም፤ ገበያው ይሸሸዋል። ቢሆንም አፍረው አፍረው ባሕር ማዶ ላሉ አንድ ሊቅ ላኩት። ሊቁ ለካ እህል የሚበሉ ነፍሳትን ከየአገሩ የሚያጠኑ ኖረዋል፤ በደስታ በምላሹ ከኢትዮጵያ የመጡላቸውን ጥንድ ቢራቢሮዎች ላኩላቸው።

«ወደዚህ ቤት የገባችው በነቀዝ ነው» አሉ ሚስተር ዊልኪ። «በነቀዝ ብትወጣ ቅድመ አያቴ ደስ ይላቸዋል።»

እማማ አስካለ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ። «እኔስ ምን አልኩ!» አሉ። አልማዝና እኔ ተያየን።

እፎይ አልኩ፤ ግን ገና ነበር። መሳቢያው ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ወንዱን ነው፤ ቢጫው፣ ጥቁር ዳሩ፣ ጭራዎቹ፣ ልክ የእኛው። አጠገቡ የተሰካችውን ሳይ ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጭራ የላትም፤ ቢጫም አይደለችም። ብርቱካንማ ናት፣ የክንፎቿ ጫፍ ጥቁር። ይህችማ በየአጥራችን ላይ የምትንከራተተው፣ ልጆች የሚያባርሯት፣ ማንም ዞሮ የማያያት ቢራቢሮ ናት! ተሳስተዋል ልላቸው ስል ማጉያውን ሰጡኝ። እግሮቿን፣ የክንፎቿን ጅማቶች አሳዩኝ። የአጥሯ ቢራቢሮ አራት እግር ያላት ነው የምትመስለው፤ ይህች ግን ስድስቱም ሙሉ ናቸው፣ የወንዱ ዘመድ ናት። ሁለቱ ለመራባት ተያይዘው ሳሉ በአንድ መረብ መያዛቸውንም ወረቀታቸው ይናገራል። የአጥሯ ቢራቢሮ መራራ ስለሆነች ወፍ አይነካትም፤ ይህች ደግሞ የሷን ልብስ ለብሳ ትኖራለች። እንዲህ የሚያደርጉ ሌሎች እንዳሉ ራሳቸው ጋሽ ይርጋ አስተምረውኛል። ይህቺን ግን ማናችንም አልጠረጠርናትም።

ደስታዬ ወዲያው ሌላ ፍርሃት ወለደ። መምህሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈለጓት ነገር በእጃቸው ስትመላለስ የኖረች መሆኗን እንዴት ብዬ ነው የማሳያቸው?

ሚስተር ዊልኪ ሴቷን ነቅለው አዲስ ሳጥን ውስጥ ሰኩልኝ። እማማ አስካለ ግን አልተስማሙም። «ባልና ሚስት ያለያያል እንዴ ይሄ ሰውዬ?»

«እማማ፣ እዚያ ሌላ ባል እየጠበቃት ነው» አለ ተፈራ። «ያውም አጠገቡ መርፌ ተክሎ።»

ሲተረጎምላቸው ሚስተር ዊልኪም ሳቁ። ስንለያይ እማማን በድጋሚ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሸኟቸው። መንገዱን ሁሉ ዝናብ ሲያወርደው፣ አራታችንም መኪናው ውስጥ የሠርግ ዘፈን ስንዘፍን ጋርላንድ ገባን።

የቀሩትን ቀናት በእረፍት አሳለፍኩ። አልማዝ አዲስ ናፍታሊን ገዝታ በአራቱም ማዕዘን ራሷ አሰረችልኝ። እማማ አስካለ «ነቀዝ የሌለበት» ብለው ቆሎ ሰጡኝ፤ ለመምህሩም ለብቻ ቋጠሩልኝ። በመመለሻዬ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስለ ሳጥኑ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ነኝ ነግሬያት እንቅልፍ የነሣኋት።

አዲስ አበባ በደረስኩ በማግስቱ ወንዱ ያለበትን መሳቢያ ከኮሌጁ ተሸክሜ ጋሽ ይርጋ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ፣ ብርሃን ባለበት ተቀምጠዋል። ሳጥኑን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ማጉያውን በግራ ዓይናቸው ላይ አድርገው ሽፋሽፍታቸው ክንፏን እስኪነካ አጎነበሱ።

«ይቺ የአጥሯ ቢራቢሮ ናት» አሉ በዝግታ።

«እግሯን ይዩት፣ ጋሽ። ደግሞ ወንዱና እሷ ተያይዘው ነው የተያዙት።»

እንደገና አዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ማጉያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ምነው ባላመጣኋት አልኩ። እጃቸውን ሲያነሡ ግን እየሳቁ ነበር።

«ስንቴ ገባችልኝ መሰለሽ! ከመረቤ እያወጣሁ፣ ሂጂ፣ አንቺን አይደለም የምፈልገው እያልኩ እለቃት ነበር እኮ!» ዓይናቸውን ጠረጉ። ድንገት ሳቃቸው ቆመ። «ቆይ፣ ቆይ… መጨረሻ የሄድኩ ጊዜ ጫካው ዳር ሞልተው ነበር። ከነዚያ ውስጥ ስንቷ እሷ እንደሆነች ማን ያውቃል? ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።» ክንዴን ያዙኝ። «አልጠፋችም ማለት ነው፣ ዘነበች። ጠፋች እያልኩ ሳዝን የኖርኩት በከንቱ ነው። አለች!»

ባዶውን መርፌ ነቅለው ሴቷን በቦታው የሰኳት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ የያዝኩላቸው መሳቢያውን ብቻ ነው። ከእማማ አስካለ ቆሎ እየቆረጠሙ የነቀዙን ታሪክ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ልሄድ ስነሣ «ነገ ፀሐይ ከወጣ መረቤን ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ።

«ጋሽ፣ ቦንጋ እኮ ሩቅ ነው።»

«ቦንጋ ማን አለ? እዚሁ አጥሬ ላይ የሚበሩትን አንድ በአንድ እግራቸውን እንቆጥራለን። ከእንግዲህ ሳላይ የምለቃት የለችም።»

መረቡ ከክፍሉ በር ጀርባ እንደተንጠለጠለ ነበር። አቧራውን አራግፌ፣ የተቀደደውን ጥፌ፣ በማግስቱ ጧት ወሰድኩላቸው።